የለሊሴ አባት ጉርድ ፎቶ

ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ሰላጣ ላይ ኮምጣጤ አብዝቶ ሲያቀርብልኝ ሹካዬን አስቀመጥኩ፤ እሱ የተቀየምኩ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔ ግን አባቴ ከጨለማ ክፍሉ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቤ የቆመ መስሎኝ ነበር። አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ፣ ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ፎቶ ቤት፣ ጓሮው መኖሪያችን የሆነ የቆርቆሮ ቤት ነበረን፤ ፊልም የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል በእኔ መኝታና በጓዳው መካከል ስለነበረች ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው የመድኃኒቱ ሽታ ልብሳችን ላይ፣ ትራሳችን ላይ፣ አንዳንዴም ወጣችን ላይ ሳይቀር ያድር ነበር። እናቴ የነቀምቴ ልጅ ነች፤ የአባቴ አባት ደግሞ ከወሎ የመጡ ስለነበሩ፣ በቤታችን አማርኛና ኦሮምኛ እንደ እህትማማቾች ልብስ ይዋዋሱ ነበር።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አባቴ ቤት አይገኝም ነበር። የየከተማውን የገበያ ቀን በቃሉ ይዞ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ ጥቁር ኮት፣ ሁለት ክራቫት፣ መስተዋትና ማበጠሪያ በሻንጣ ከትቶ፣ ባገኘው አይሱዙ ላይ እየተሳፈረ አንድ ሳምንት ጉቴ፣ አንድ ሳምንት ቢላ፣ አንድ ሳምንት ኑኑ ቁምባ ይዞር ነበር። ያ አንድ ኮት የወለጋን ግማሽ ወንድ አልብሷል ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ ዛሬም ሰው ቤት ስገባ ግድግዳ ላይ ኮቱን አየዋለሁ፣ የግራ ኪሱ ላይ ባለችው ስፌት እለየዋለሁ። ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው፤ የፊልሙን የመጨረሻ ፎቶ ሰው አያነሳባትም። «ይቺ የመንገዱ ናት» ብሎ፣ ደንበኛ ቢለምነውም አሻፈረኝ ብሎ፣ የከተማይቱን አሮጌ መንገድ፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸውን የድሮ ሱቆች፣ የዘመመውን አጥር ያነሳባት ነበር። እናቴ «ታዲያ መንገዱ መጥቶ ፎቶውን ይወስዳል?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ክረምቱ ግን የእኔ ነበር። መንገዱ በጭቃ ሲያዝ አባቴ ቤት ይውላል፣ የሚውልበትም ሥራ ሰው ማጋጠም ነበር። ያኔ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ልጁ የራቀበት አባት፣ አንዲት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጡና «ከእኔ ጋር አድርግልኝ» ይሉት ነበር፤ እሱም ጉርዷን አሳድጎ አትሞ፣ ዙሪያዋን በምላጭ ቆርጦ፣ ከሕያዉ ሰው ፎቶ ጎን በሙጫ ለጥፎ፣ ለሟቹ ያንኑ ጥቁር ኮት በቀለም ስሎለት፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንደገና በካሜራ ያነሳቸው ነበር። አንዱ ፎቶ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ በእግር ጣታችን ነበር የምንሄደው።

ጉርዶቹ የባለቤቶቻቸው ስም በተጻፈባቸው ፖስታዎች ሆነው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። መንካት ክልክል ነበር፤ እኔ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድምም እህትም አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ አባቴን ሸለብ ሲያደርገው መሳቢያውን ቀስ ብዬ ስቤ፣ ፖስታዎቹን አልጋዬ ላይ ዘርግፌ፣ ሰዎቹን ቤተሰብ አደርጋቸው ነበር። ይሄን ለዚያች እድራለሁ፣ ያንን ሽማግሌ አያት አደርጋለሁ፣ የተኮሳተረውን ፖሊስ ከሁሉም አጣልቼ ትራስ ሥር አስረዋለሁ። አባቴ ሲያስል ስሰማ ሁሉንም በጥድፊያ ወደየፖስታቸው እመልሳቸው ነበር። የመለስኳቸው ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

በዚያ ክረምት መሳቢያው ውስጥ ከነበሩት አንዱ የአዴ ዲንቅቱ ባል ነበር። አዴ ዲንቅቱ ቢላ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ባላቸው መንገድ ሥራ ሄዶ እዚያው በወባ ሲሞት እሳቸው የሰባት ወር እርጉዝ ነበሩ፤ የተወለደችው ልጅ፣ ለሊሴ፣ የእኔ እኩያ ስትሆን የአባቷን መልክ አይታ አታውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን የሟቹ ታላቅ ወንድም ከሳጥን ሥር የሥራ መታወቂያውን አግኝቶ ገበያ ድረስ አመጣላቸው፤ በላዩ ያለችው ጉርድ ፎቶ በዓለም ላይ የቀረችው የሰውየው መልክ ነበረች። አዴ ዲንቅቱ ጉርዷን ልጃቸውን እንኳ ሳያሳዩ በዚያው ቀን ለአባቴ ሰጡት። «ይቺን ትንሿን ፎቶ ለልጄ አላሳያትም፤ ትልቅ አድርገህ አምጣልኝና ቁጭ ብላ ትየው» አሉት።

ሌላው ፖስታ የጋሽ ሸምሱ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ጉቴ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ሲሆኑ፣ የሟች ወንድማቸውን ጉርድ ለማጋጠም ሰጥተውን ነበር፤ ነሐሴ ላይ ግን ሱቃቸውን ወደ ኑኑ ቁምባ ሊያዛውሩ ሲሉ በቤታችን አልፈው፣ «ስደላደል መልሼ አመጣዋለሁ» ብለው ፖስታቸውን ሳይከፍቱ ይዘው ሄዱ።

ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባቴ የአዴ ዲንቅቱን ፎቶ መስተዋት ውስጥ አስገብቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ቅዳሜ ስለነበር እኔንም አስከትሎ ወደ ቢላ ሄደ። አዴ ዲንቅቱ ጎረቤት ሰብስበው ይጠብቁን ነበር። «አካም ጅርቱ? ፈያዳ?» ተባብለን እንደተቀመጥን ጥቅሉን ለለሊሴ ሰጧትና፣ «ኩን አባ ኬቲ፤ አባትሽ ነው፣ አንቺ ክፈቺው» አሏት። ለሊሴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ጋዜጣውን ሳትቀድ ገልጣ ገልጣ፣ ከእናቷ ጎን ያለውን ሰው ብዙ ካየችው በኋላ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው። «አባ ኮ» አለችው፣ አባቴ ማለቷ ነው። ጎረቤቶቹ እልል አሉ፤ እልልታው የቆመው እናቷ እንባቸውን ጠርገው ፎቶውን ሲቀበሏት ነው።

«ኢሰ ሚቲ» አሉ ቀስ ብለው። አባቴ ያልገባው መስሏቸውም በአማርኛ ደገሙለት፤ «እሱ አይደለም፣ ወንድሜ። ይሄን ሰው አላውቀውም።»

ለሊሴ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ጠረገች። እኔ ሰውየውን አውቀው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ድሬዋለሁ፤ የጋሽ ሸምሱ ወንድም ነበር። ከአባቴ ኋላ ተደብቄ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ ተነስቶ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አዴ ዲንቅቱ። የባልዎን ፎቶ ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም» ብሎ መስተዋቱን መልሶ ጠቀለለው።

አይሱዙው ላይ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጠን፣ ከተማዋ ከዓይናችን ስትጠፋ ነገርኩት። አባቴ ሲናደድ አይጮህም ነበር፤ አንቱ ይለኝ ነበር። «እንግዲህ እመቤቴ» አለኝ፣ «የሰው አባት መጫወቻ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፤ እርስዎ አስተማሩኝ።» ቤት ደርሰን መሳቢያውን እስከ ታች ገለበጥነው፤ የለሊሴ አባት አልነበረም። ጋሽ ሸምሱ ፖስታቸውን ከፍተው፣ የማያውቁትን ሰው አይተው፣ ወርውረውት ቢሆንስ? አንዲት ልጅ የአባቷን መልክ ሳታይ የምትቀረው በእኔ ጨዋታ ነው ብዬ አስብ ነበር። ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ በሕይወቴ ብዙ አይደለም።

ኅዳር ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ ኑኑ ቁምባ ሄድን። አሮጌውን መንገድ ይዘን ሱቅ ለሱቅ እየጠየቅን ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ስንደርስ፣ መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን አልነበረም፤ ከባትሪ ድንጋዩና ከሳሙናው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለውን የለሊሴን አባት ነበር። ከሥሩ በትልልቁ «ይህን ሰው የሚያውቅ ይንገረኝ» የሚል ተጽፎበታል።

«ፖስታውን ስከፍት ወንድሜ ሌላ ሰው ሆኖ ቆየኝ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «እንዳልጥለው የሰው ፊት ነው። ገበያተኛ ይየው ብዬ ሰቀልኩት። የሚያውቀውም አልጠፋ!»

አባቴ የወንድማቸውን ጉርድ ሲሰጣቸው ደረት ኪሳቸው ከተው እጃቸውን በላዩ ላይ አሳረፉ። ከዚያም ከሱቁ ፊት ለፊት ጫማ የሚሰፉትን ሽማግሌ ጠሩ። ኦቦ ቶለራ ይባላሉ። ከለሊሴ አባት ጋር አንድ ድንኳን እያደሩ መንገድ ሠርተዋል፣ ሲታመምም ውሃ ያጠጡት እሳቸው ነበሩ፤ ፎቶው ከተሰቀለ ወዲህ በየገበያው ቀን ሱቅ ገብተው ሳያዩት አይሄዱም ነበር። አባቴ ታሪኩን ሲነግራቸው መርፌያቸውን ቆባቸው ላይ ሰኩና፣ «ልጅ ነበረችው? እንግዲያው መጥቼ አያታለሁ» አሉ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ብርዱ በጠናበት አንድ ቅዳሜ፣ ኦቦ ቶለራ ከኑኑ ቁምባ፣ አዴ ዲንቅቱና ለሊሴ ከቢላ መጥተው ፎቶ ቤታችን ውስጥ ተገናኙ። ጉርዷን ለለሊሴ እንድሰጣት አባቴ ያዘዘው እኔን ነበር። ፎቶውን እየዘረጋሁላት «ያኔ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ለሊሴ ፎቶውን ተቀበለችኝ እንጂ አላየችውም፤ መጀመሪያ ወደ እናቷ ዞራ «አሁንስ እሱ ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቷ «እሱ ነው» እስኪሉ ድረስ በመዳፏ ሸፍና ያዘችው። ከዚያ አየችው፤ አልሳመችውም። ወደ ኦቦ ቶለራ ዞራ «ድምፁ እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

«ድንጋይ ሲፈልጥ ይዘፍን ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ዝም ካለ ዶማው ይከብደን ነበር።»

«የማን ባል?» አሉ አዴ ዲንቅቱ። «የእኔ? እቤት ውሃ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም» ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ፣ ለሊሴም እናቷን እያየች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አባቴ በዚያ ቀን ፊልሙ ላይ አንዲት ፎቶ ብቻ ቀርታው ነበር፤ የመንገዱን ፋንታ ትቶ ኦቦ ቶለራንና ለሊሴን አነሳባት። ጥር እስኪያልቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ሳይነካ አባትን፣ እናትንና ልጅን አንድ ላይ አጋጠማቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ ስም መጻፍ የቤታችን ሕግ ሆነ፤ መሳቢያውም ቁልፍ ገባለት።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እኔም ፎቶ አንሺ ሆኛለሁ። እሱ ያነሳቸውን የመንገድ ፎቶዎች ይዤ በየከተማው እየዞርኩ እሱ የቆመበት ቦታ ቆሜ አነሳለሁ፤ የእንጨት በረንዳዎቹ አብዛኞቹ ፈርሰው በመስታወት ሕንፃ ተተክተዋል፣ አስፋልቱም እሱ ቀኑን ሙሉ የተንገላታበትን መንገድ በጥቂት ሰዓት ያደርሰኛል። የድሮው ይሻል ነበር ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ጭቃውን አውቀዋለሁና። በቀደም ለሊሴ ከቢላ መጣች። አስተማሪ ሆናለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። ያ የተጋጠመው ፎቶ ጣሪያ አፍስሶበት ስለነበር እንዳድስላት ነው። አባቴ በምላጭና በሙጫ ሳምንታት የለፋበትን እኔ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ስንመለከተው ግን ሰውየው ከእናቷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ዛሬማ ከራሷ ከለሊሴም ያንሳል።

«አሁን እኮ ማስረጀት ይቻላል» አልኳት። «ከእናትሽ ጋር እኩያ ላድርግልሽ?»

ለሊሴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ተይው» አለችኝ። «አንዴ የማላውቀውን ሰው ስሜያለሁ። ብታስረጂው ደግሞ እሱንም አላውቀውም።»

የውሃውን እድፍ ብቻ አጽድቼ፣ ሰውየውን እንዳለ አተምኩላት።