አጸደ ስለ ልጇ ስትጠየቅ

አጸደ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው፤ አሁን ቡልጋሪያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ባለፈው ዓመት የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ሩቲ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች፤ «ልጅዎ ሐሳቧ አይሰበሰብም፤ በባለሙያ ትታይ» ይላል።

«ልጄ ምን ጎደላት?» ብላ አኮረፈች። ሳምንት ያህል ሲከነክናት ከረመና ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት።

ባለሙያዋ ፋኢዛ ረጋ ያለች ሴት ነች። አስቀድማ የልጅቷ ዓይንና ጆሮ እንዲታይ አደረገች፤ ስለ እንቅልፏም ጠየቀች፤ ለአስተማሪዋ የሚሞላ ቅጽ ላከች።

«በደም ምርመራ የሚታወቅ ነገር አይደለም» አለቻት። «ቤትም ትምህርት ቤትም እንዴት እንደምትሆን ማወቅ አለብን። ዕቃ ይጠፋባታል?»

«ኧረ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሹራብ!»

«ሲያናግሯትስ የማትሰማ ትመስላለች?»

«አጠገቤ ተቀምጣ የለችም፣ በቃ።»

«የጀመረችውን ትጨርሳለች?»

ለአጸደ ጥያቄው ስለ ራሷ መሰላት።

ልጅ ሳለች እናቷ ሽንኩርት ግዢ ብለው ሲልኳት የሰፈሩ አናጢ በር ላይ ቆማ መላጊያው የሚያወጣውን የእንጨት ጥቅልል ስታይ ትውላለች። ባዶ እጇን ስትመለስ «አንቺ ቀልበ ቢስ!» የሚለው ጩኸት ከቆርቆሮው አጥር አልፎ ጎረቤት ይሰማል። ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ፈርሷል፤ ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ትምህርት ቤትም ተንበርክካ ያልዋለችበት ክፍል አልነበረም፣ ከአራተኛ ክፍል በቀር። አራተኛ ክፍል ያስተማሯት ጋሽ ባይሳ ነበሩ። ፊት ወንበር አስቀመጧት። እግሯ መወዛወዝ ሲጀምር ሳይቆጡ «አጸዱ፣ እስኪ ደብተር ሰብስቢልኝ» ወይም «ጠመኔ አምጪ» ይሏታል። ደርሳ ስትመለስ ልቧም አብሯት ይመለሳል። በዚያ ዓመት ከክፍሉ ሰባተኛ ወጣች። በዓመቱ እሳቸው ተዛወሩ፤ እሷም ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ቀረች።

ይህን ሁሉ ለፋኢዛ ስትነግራት እንባዋ መጣ። «ምናልባት እኔም...»

«ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ይወርዳል» አለች ፋኢዛ። «በአንድ ወሬ ግን አልፈርድም። አሁን የሩቲን እንጨርስ፤ ከፈለጉ እርስዎም ቀጠሮ ይያዙ።»

በሦስተኛው ቀጠሮ የአስተማሪዋ ቅጽና የቤቱ መልስ ጎን ለጎን ታየ። ሩቲ የትኩረት ማነስ ችግር እንዳለባት፣ ስንፍናም ጥጋብም እንዳልሆነ ለአጸደ ተነገራት። አጸደ በማግስቱ ወደ ልጇ አስተማሪ ወደ መምህር ሃይላይ ሄዳ ስለ ጋሽ ባይሳ ከሀ እስከ ፐ አጫወተችው። እሱም ሩቲን ፊት ወንበር አመጣት፤ ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋቱንም ለእሷ ሰጣት።

ሩቲ ዛሬም ሹራብ ትጥላለች። የቤት ሥራዋን ግን አሥር ደቂቃ ትሠራለች፤ ተነስታ ትዘላለች፤ ደግሞ ትቀመጣለች። አጸደም የስፌት መኪናዋን አቁማ እስክትመለስ ትጠብቃታለች።