የተሰናበተው ጉዳዩ ነው

«ፈት ነኝ» እያልኩ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ለሐኪም ተናግሬያለሁ፣ ለአከራይ ተናግሬያለሁ፣ ሰርግ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠች ለማላውቃት ሴት ሁሉ ሳልጠየቅ ተናግሬያለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የእኔን መፈታት ያልሰማ ሐበሻ ካለ ያን ሰሞን አገር ቤት ሄዶ የነበረ ነው። ታዲያ አምና በብርዱ ጊዜ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ጨዋ ሰው «እንጋባ» አለኝ፤ እኔም ብዙ አላስለፋሁትም። ሰርጉን ከፋሲካ በኋላ ቆረጥንና እሱ ወደሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ተያይዘን ሄድን። አባ ባርከውን ሲያበቁ ቀና ብለው «የፍቺ ወረቀትሽን ታመጫለሽ» አሉኝ።

«ምን ችግር አለው አባ!» አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። በሕይወቴ ከጋብቻዬ ይልቅ የምኮራበት ፍቺዬ ነበር።

ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት ነው። ዝምተኛ ነው፣ ብቻውን ሲያስነጥስ እንኳ «ይቅርታ» ይላል። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ እንዲህ ያለ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ አግኝቼ ደግሞ በወረቀት ሰበብ ላጣው አልፈልግም። ወረቀቱ ካልመጣ አባ አያጋቡንም፤ አባ ካላጋቡን እሱ አያገባኝም።

መጀመሪያ ኦንላይን ፈለግሁ። ስሜን ስጽፍ «የለም» አለኝ። የአባቴን ስም አስቀድሜ ስጽፍም «የለም»። አልደነገጥኩም። ስሜ መንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ኢንሹራንሴ ላይ ሌላ፣ የመሥሪያ ቤት ባጄ ላይ ደግሞ የማላውቃት ሴት ናት። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሮክቪል፣ «ካውንቲ» የሚሉት የወረዳችን ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ድረስ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። «ዓመቱን ታስታውሺዋለሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ለካ በእኛ አቆጣጠር ነው የነገርኳት። መለስ ብዬ ሰባት ጨመርኩበት፤ ከዚያ ሰባት ይሁን ስምንት ጠፋኝና በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ልጅቷ ጣቶቼን አይታ ስልኩን አነሳች። «የምን ቋንቋ አስተርጓሚ ልጥራልሽ?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ከምጦራቸው አሮጊት ፈረንጆች ጋር በእንግሊዝኛ ስጨቃጨቅ የምውለውን የሆም ኬር ሠራተኛ! «እንግሊዝኛ እችላለሁ» አልኳት ኮስተር ብዬ። «ኖ ፕሮብሌም» አለችና አማርኛ አስተርጓሚ በስፒከር አመጣችልኝ።

የሽማግሌ ድምፅ ነው። «እንደምን ዋልሽ ልጄ? ምን መዝገብ እንደፈለግሽ ትጠይቃለች» አሉኝ።

«የፍቺ።»

«የማን ፍቺ?»

«የእኔ ነዋ!»

«አይ፣ አይ፣ አይ።» አሉ ሽማግሌው። «ልጆች አሏችሁ?»

«ይሄን እሷ ናት የጠየቀችው?»

«እኔ ነኝ። ልጆች ካሉ ነገሩ ቢታሰብበት ብዬ ነው።»

«አባቴ፣ ልጅ የለንም፣ የተፋታሁትም ድሮ ነው!»

«ቢሆንም። ቁጣ ክፉ ነው። አንቺም ቁጡ ትመስዪኛለሽ።»

ልጅቷ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስለ አየሩ ነው» አልኳት። ምን ልበላት? የካውንቲው ስልክ ላይ ሽምግልና ተቀምጠውብኛል ልበላት?

ጻፈች፣ ደመሰሰች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ «አገኘሁት!» አለች። ኮምፒዩተሩን እያነበበች «ዲስሚስድ» ስትል በደስታ ጠረጴዛውን መታሁት። «እሱ ነው! እሱኑ ማኅተም አድርገሽ ስጪኝ!» ልጅቷ አየችኝ፣ ከዚያ ስልኩን አየችው፣ ከዚያ ቀስ እያለች ብዙ ተናገረች።

«ጉዳዩ ተሰናብቷል ነው የምትለው» አሉ ሽማግሌው።

«አውቃለሁ፣ በነፃ ተሰናብቻለሁ።»

«አልገባሽም ልጄ። የተሰናበተው ጉዳዩ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ክሱን የሚከታተል ስለጠፋ መዝገቡን ዘግተውታል። ፍቺ አልተፈጸመም።» ከዚያ ድምፃቸው ፈካ አለ። «አሁንም ባለትዳር ነሽ ማለት ነው። እልል በይ እንጂ!»

መዝገቡ ብቻ አይደለም፣ ጆሮዬም ተዘጋ። ሽማግሌው «እግዚአብሔር ሲያስታርቅ ምክንያት አያጣም» ሲሉ ልጅቷ አመስግና ስልኩን ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ክሱን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ወዲያው አራት ሽማግሌዎች ሳሎኔን ሞሉት፤ ከአራቱ ሁለቱ ራሳቸው ሚስቶቻቸውን የፈቱ ነበሩ። «ለጾሙ ስትዪ ተይው» አሉኝ። ጾሙ ሲያልቅ «ለበዓሉ ስትዪ» አሉኝ። በዓሉ ሲያልፍ ሌላ ጾም ገባ። የእኛ ሃይማኖት ለፍቺ የሚሆን ወር የለውም። እኔም ፍርድ ቤቱን ትቼ እነሱን ሳበላ ከረምኩ። በመጨረሻ ሲሰለቻቸው ሶፋውን ለባሌ፣ ድስቶቹን ለእኔ ፈርደው «በሰላም ተለያዩ» ብለው መርቀውን ሄዱ። የፍርድ ቤቱ ፖስታ የመጣው ያን ሰሞን ነው። «ዲስሚስድ» ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ «አሰናበተ» ይላል። እኔ ደግሞ «ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በነፃ አሰናበተው» የሚል ሬዲዮ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሜሪካ ከባሌ በነፃ አሰናበተችኝ! ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት፣ ጓደኞቼን ጠርቼ ክትፎ አበላሁ። ይባስ ብዬ ለባሌም ደወልኩለት። «ተሰናብተናል!» አልኩት እየሳቅሁ። «እሺ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለና ዘጋ። አማርኛችን ትዳር መፍረሱንም የቃል ትርጉሙንም ያው «ፍቺ» ነው የሚለው። እኔ የአንዱን ፍቺ ሳላውቅ የሌላውን ፍቺ ደግሼ አከበርኩ።

ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ግማሹ ንዴት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ያንን ሲያስነጥስ ይቅርታ የሚል ሰው ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። እንባዬን ጠርጌ ለባሌ ደወልኩ። ጌይተርስበርግ ነው የሚኖረው፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ አንገታችንን ከመነቅነቅ በቀር ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

«ስማ፣ አልተፋታንም» አልኩት ያለ ሰላምታ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ደብዳቤው ለእኔም ደርሶኝ ነበር እኮ። አንብቤዋለሁ።»

ሰው ነህ አንተ? ይሄን ሁሉ ዓመት? ሰው ስቆብኝ ቢሆንስ? ያላልኩት የለም። ትንፋሼ እስኪያልቅ ጠበቀኝ። ድሮም እንዲህ ነው፤ አንዱ የጠላሁበት ነገር ይሄ ነው፣ ሲሰድቡት መልስ አይሰጥም። ዝም ስል ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የዚያን ቀን እየሳቅሽ ደወልሽልኝ። አብረን ስንኖር እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ብዬ ተሳስተሻል ልበልሽ?»

አፌ ሥራ የፈታው የዚያን ቀን ነው። አዘንኩ፤ ለእሱም አዘንኩ፣ ለራሴም አዘንኩ፣ መልሼ ደግሞ ተናደድኩበት። እሱ «የት ልፈርም?» አለኝ።

በስምምነት እንፋታ ብለን አመለከትን። ወረቀቱን ልናስገባ ሮክቪል የተገናኘን ዕለት ግን ፓርኪንግ ላይ አንድ ሐበሻ አይቶናል። «ታረቁ!» የሚለው ወሬ እኔ ድልድዩን ሳልሻገር አሌክሳንድሪያ ገባ። ከአራቱ ሽማግሌዎች አንዱ ኮል አድርጎ «ልፋታችን ፍሬ አፈራ፣ መቼ ትጠሩናላችሁ?» አለኝ። ማታ ደግሞ ያ የእኔ ጨዋ ደወለ።

«ይቅርታ፣ ካስቸገርኩሽ…» አለ። «ታርቃችኋል የሚባል ነገር ሰማሁ። እውነት ከሆነ እግዚአብሔር ይባርካችሁ።»

«ልፈታው ነው የሄድኩት!» ብዬ ጮህኩበት። «በየፓርኪንጉ የቆምኩት አንተን ላገባ ብዬ ነው!»

«እሺ» አለኝ። «እንግዲያው የሰርግ ካርዱን ላሳትም።»

ችሎቱ በቪዲዮ ሆኖ ቶሎ አለቀ። ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ልወስድ ሮክቪል ተመለስኩ፤ ባሌም የራሱን ሊወስድ መጥቶ ከኋላዬ ተሰለፈ። ያቺው ልጅ ነበረች። አሁን ስልኩን ያስነሳኋት እኔ ነኝ፤ «አስተርጓሚ ጥሪልኝ» አልኳት። በስፒከሩ የወጣት ሴት ድምፅ መጣ። ልጅቷ የነገረቻትን ሁሉ ቃል በቃል አስተረጎምኳት።

«ፍቺው ጸድቋል» አለችኝ።

«ተሰናብቷል አይልም?»

«አይልም።»

«የተፈታሁት እኔ ነኝ ወይስ ጉዳዩ?»

«እርስዎ ነዎት» አለችኝ እየሳቀች።

ተያይዘን ወጣን። እሱ በሩን ያዘልኝ፤ አብረን ስንኖር በር ይዞልኝ አያውቅም፣ ወይም እኔ አላየሁትም። ወረቀቱን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። እሱም የእሱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«በይ፣ የአሁኑ የእውነት ነው» አለኝ። «ሳቂ እንጂ።»

ልስቅለት ሞከርኩ። ያቺን አንዲት ሳቅ ስንት ዓመት አስቀምጦልኛል፣ ልመልስለት ፈለግሁ። እምቢ አለችኝ።