የግማሽ ቀን ልጅ

የእህቴ ሆድ በስድስተኛው ወር ሰፈሩን ሁሉ ሐኪም አደረገው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ያገኘቻት ሴት ሁሉ ቆም ብላ ትለካታለች፤ በዐይኗ፣ ደፋሯም በስንዝሯ። «መንታ ነው» አሉ በአንድ አፍ። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፣ አንድ ልጃቸው ሰሜን ጦር ግንባር የቀረባቸው ሴትዮ፣ ጭራሽ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት መሆናቸውን ወስነው ጨርሰዋል።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ የሰው ሆድ አይደለም፤ የቀበሌ መጋዘን ነው!» ይሏታል።

«እትዬ፣ የቀበሌውማ ባዶ ነው። የእኔ ሞልቷል» ትላቸዋለች፤ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ፣ ሰው እንዳይሰማ።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የወላጆቼ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን ስለያዘ እህቴ ጓዳ ተሸጉጬ፣ ግጥም የምለውን ነገር እየጻፍኩና እየቀደድኩ እውል ነበር። ከጓዳ የምወጣው እህቴን ወደ ሐኪም ሳደርሳት ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ደግፎ የሚሄድ ወጣት ማንም አያስቆምም፤ ይህን ቶሎ ተምሬያለሁ።

ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ሆዷን ደጋግማ ዳሰሰችና ደስ ሳይላት ወደ ሆስፒታል ላከችን። ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ብዙ ቆየ።

«መንታ አይደለም። አንድ ነው። ሆድሽ የተለጠጠው በእንሽርት ውሃ ብዛት ነው።»

«እሰይ!» አለች እህቴ። «ሁለቱን በምን ልይዛቸው ነበር?»

ሐኪሙ አልሳቀም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የጽንሱ የራስ ቅል አጥንት እንዳልተሠራ፣ አንጎሉም እንደሚገባው እንዳላደገ ነገራት። ማህፀን ውስጥ ሳለ እትብቱ ያኖረዋል፤ ሲወለድ ግን መኖር አይችልም። ብዙዎቹ ሞተው ይወለዳሉ፤ ሌሎቹ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀን ይቆያሉ።

«ስህተት ቢሆንስ?» አልኩ እኔ።

«በዚህ ብሳሳት ደስ ባለኝ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ሌላ ሐኪም አይቶሽ ሁለታችን ከፈረምን፣ አሁኑኑ ምጥ ማስጀመር ይቻላል። የውሃው ብዛት ለአንቺም አያስተማምንም፤ ስትወልጂ ደም ሊፈስሽ ይችላል። ልቀጥል ካልሽም በየሳምንቱ እያየሁ እከታተልሻለሁ። አላስገድድሽም።»

እህቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «አሁን ያመዋል?»

«አይመስለኝም።»

ደረጃውን ስንወርድ፣ ግቢውን ስናቋርጥ፣ «አይመስለኝም አለ አይደል?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ባሏ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ነው። እጁ ጥቁር፣ ንግግሩ ጥቂት። ማታ የሆነውን ስነግረው ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። «ይፈረም። እናቴ በወሊድ ነው የሞተችው። ሕፃኑም አልተረፈም። ደጅ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለማይኖር ልጅ የምትኖረውን አልሰጥም!»

እኔም ከእሱ ጋር ሆንኩ። ይህን ሳልሸፍን መጻፍ አለብኝ። ያኔ ብልህ የሚመስል ቃል አላጣም ነበርና፣ «ለሞት ብቻ መውለድ ምን ይሉታል?» አልኳት።

እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች አየችኝ። «አንተ ጓዳዬ የተሸጎጥከው ለምንድን ነው? እንዳትሞት አይደል? የእትዬ ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሄደ። ያን ቀን ሐኪም ራጅ አንሥቶ ‹ይሄ ልጅ ጦር ሜዳ ይቀራል› ቢላቸው፣ ይተውት ነበር?»

«እሱ እኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ኳስ ተጫውቷል። አንቺንም ሰድቦሻል።»

«ሰድቦኛል» አለች፤ ትንሽ ፈገግ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መልሴ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ይመስለኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመትና አንድ ሰዓት አንድ አይደሉም። ግን እሷ የምትፈልገውን ገና አልገባኝም ነበር። የገባኝ በማግስቱ የንስሐ አባቷ ሲመጡ ነው። በር ሥር ባለችው በርጩማ ተቀመጡ፤ እሷ ምንም ሳታስቀድም ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ሆስፒታል አሁን ቢያወጡት ክርስትና ይነሣል?»

«ነፍስ ሳይኖርበት? አይነሣም፣ ልጄ።»

«በወሩ ተወልዶ አንድ ሰዓት ቢኖርስ?»

«ነፍስ ካለው ለወንዱም አርባ፣ ለሴቷም ሰማንያ አንጠብቅም። እዚያው ይጠመቃል። ስም ይወጣለታል። ከክርስቲያን ጋር ይቀበራል።»

«ሞቶ ቢወለድባትስ?» አልኩ ከጓዳ ብቅ ብዬ። «እሷም ብትሞትስ፣ አባ?»

ቄሱ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሐኪሙ ያድናት ዘንድ ማውጣት አለብኝ ካለ፣ ያውጣ። እኔ ሙቺ አልልም። ቀጥዪ ብዬም አላዝዝም። የተጠየቅኩትን መለስኩ እንጂ።»

ቄሱ ከሄዱ በኋላ እህቴ ባሏን ጠርታ የራሷን ፍርድ ነገረችው። «ሐኪሙ ‹ይገድልሻል› ያለ ቀን፣ በዚያው ቀን ይፈርሙ፤ አልከራከርህም። እስከዚያ ግን ተወኝ። ስም ያለው ልጅ እፈልጋለሁ።»

ባሏ አልተስማማም፤ ግን መከራከሩን ተወ። በየሳምንቱ የቀጠሮዋ ቀን ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ሐኪሙ የደም ግፊቷን ሲለካ በሩ ላይ ቆሞ የሐኪሙን ፊት ያያል፤ ስንወጣ ወደ ጎማው ይመለሳል። በአንዱ ቀጠሮ አጠገባችን ልቧ የታመመ ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ነበር፤ ሁለት ሐኪሞች ፈርመውላት ተራዋን ትጠብቃለች። አራት ልጆች አሏት። አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ እህቴ እጇን ያዘቻትና፣ «እኔም አንቺን ብሆን እፈርም ነበር። አራቱ ይጠብቁሻል» አለቻት። ለሷ ስትል የዋሸች መስሎኝ በመንገድ ጠየቅኋት። «ለምን እዋሻለሁ?» አለችና ተቆጣችኝ።

ሰፈሩ ግን ገና መንታውን ይጠብቃል። እህቴ ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች፣ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። በመጨረሻ እትዬ በእጃቸው የሠሯቸውን ሁለት የሕፃን ቆቦች ይዘው መጡ። «ሰማያዊው ለወንዱ ነው።» ያኔ ነገረቻቸው። ሁሉንም።

እትዬ ቆቦቹን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንድ በአንድ አጣጠፏቸው። ከዚያ፣ «ክርስትና ማን ያነሣዋል?» አሉ።

«በዕለቱ ለሚሞት ልጅ ማን እሺ ይላል፣ እትዬ?»

«እኔ አነሣለሁ። እኔ የሚሞት ልጅ አሳድጌያለሁ።» ቆቦቹን አልጋው ላይ ትተው ወጡ።

ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ደም ፈሰሳት፤ ሐኪሙ እየሮጠ ገባ፣ ባሏ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ያን ሰዓት ሐኪሙ መጥቶ «አጣናት» ቢለን ኖሮ፣ ስለ እህቴ ውሳኔ ዛሬ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል፤ ትክክለኛነቷን ያተረፈላት ደሙ መቆሙ ነው ወይ እላለሁ።

ደሙ ቆመ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ በሕይወት። ትንፋሿ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል።

ቄሱንና እትዬን ለማምጣት ሮጥኩ። ያን ቀን አፈሳም ኬላም ትዝ አላለኝም። ስንደርስ ዋና ነርሷ የቄሱን ጥምጥም አየች፤ በመንግሥት ሆስፒታል ቄስ አስገብቶ ማስጸለይ በዚያ ዘመን ሊያስጠይቃት ይችላል። መጋረጃውን በአልጋው ዙሪያ ሳበችልንና፣ «እኔ ፋርማሲ ሄጃለሁ» ብላ ወጣች።

እትዬ ሕፃኗን ታቅፈው ቆሙ። ቄሱ ውሃውን ባርከው አጠመቋት። ቅብዓ ሜሮኑን ሊቀቧት ቆቡን ገለጥ ሲያደርጉ ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። ከቅንድቦቿ በላይ ግንባር የሚባል ቦታ አልነበረም። ቄሱ ጣታቸውን ዝቅ አድርገው በሁለቱ ቅንድቦች መካከል በምትገኘው የጣት ስፋት ላይ መስቀል ሠሩ፤ ሳይቸኩሉ፣ ሰፊ ቦታ እንዳገኘ ሰው። ማተብ አሰሩላት። ስሟን ሦስት ጊዜ ጠሩ።

እትዬ ልጅቷን ለእህቴ መልሰው ሲያስታቅፏት፣ «ከዛሬ ጀምሮ አበልጄ ነሽ፤ እትዬ ማለቱን ተዪ» አሏት።

ባሏ እስከዚያ ድረስ አልቀረበም። እህቴ ጠራችው። ጎንበስ ብሎ ቆቡን ወደ ቅንድቧ ዝቅ አደረገና ፊቷን ተመለከተ። «አገጯ የእናቴ ነው» አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ጣቱን ሰጣት፤ ይዛው ቆየች። ሐኪሙ ገብቶ፣ መያዟ የነርቭ ምላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል ብሎ ለእኔ በሹክሹክታ ነገረኝ። ለእነሱ ግን አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ አረፈች።

እናት አራስ ናትና ወደ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ቄሱ ቀድመው ቁስቋም ሄዱ፤ እትዬ ከእህቴ ጋር ቀሩ፤ ባሏና እኔ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለን ውይይት ታክሲ ተሳፈርን። ያኔ ውይይት ማለት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ነው፤ መደበቂያ የለውም። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ጎመን የታቀፈች ሴት ጥቅሉን አየች።

«ውይ! ጨቅላ ነው?»

«አዎ» አለ የእህቴ ባል።

«መቼ ተወለደ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሴት ናት።»

«ዛሬ ጠዋት! ታዲያ በዚህ ብርድ ምን ያስወጣታል? ወንድ ምን ያውቃል፣ እናንተ! እናቷስ?»

«ሆስፒታል ናት። ደህና ናት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! እንዲህ ብላሻለች በልልኝ። ልጅህንም በእቅፍህ ያሳድግልህ።» ከጎኗ ያሉት ሽማግሌም ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንኳን ማረቻት» አሉ። ሌላውም ተከተለ። ታክሲው ሙሉ መረቀን። እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ባሏ በክርኑ ጎሸመኝ።

ቀበርናት። ቄሱ በስሟ ጸለዩላት።

ስንመለስ የጠያቂ ሰዓት ነበር። በእህቴ ግራና ቀኝ ያሉት አልጋዎች በሰው ተከበዋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ «ማርያም ታኑርሽ» ይመለሳል። ጠያቂዎቹ ወደ እህቴ ዘወር ይሉና ባዶ እቅፏን ሲያዩ ዐይናቸውን ይሰብራሉ። አንዷ «ያጽናሽ» ብላ አለፈች። እህቴ ለማንም አልመለሰችም። ባሏ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ‹እንኳን ማርያም ማረቻት በልልኝ› ብላሻለች።»

ቀና አለች። «ማን ናት?»

«አላውቃትም። ጎመን የያዘች።»

«አንተ ምን አልካት?»

«‹አሜን፣ እነግራታለሁ› አልኳት።»

«ማርያም ታኑራት» አለች እህቴ፤ ሴትዮዋ እዚያው የቆመች ያህል ራሷን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ትራሱን ከጀርባዋ አስተካከለች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለችው። «ታክሲው ውስጥ ስትገቡ ጀምርልኝ። ልጄን በየትኛው ክንድህ ነበር የያዝካት?»