ሐሪድዋር ላይ የጎደለው የጽጌ ጾም

እናቴ አዲስ አበባ በተማረችበት ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪዋ ሕንዳዊ ነበሩ። ስለ አገራቸው ወንዝና ተራራ ያወሩላት ሁሉ ከልቧ አልወጣም። ስለዚህ የመምህርነት ፈተናዬን አልፌ ፍራንክፈርት ዞሰንሃይም ሰፈር ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስቀጠር፣ ባገኘሁት የመጀመሪያ የጥቅምት ዕረፍት፣ ጀርመኖች ሄርብስትፌሪየን በሚሉት፣ ሕንድ ልወስዳት ወሰንኩ። ጉዞውን እንደ ትምህርት ዕቅድ ከፋፈልኩት፦ መጀመሪያ ታሪካዊቷ አግራ፣ ቀጥሎ ሂንዱዎች የሚሳለሙባት ሐሪድዋር፣ መጨረሻ ላይ እንግሊዞች ከሙቀት ሽሽት የቆረቆሯት የተራራ ከተማ ሙሱሪ።

እናቴ ግን አንገራገረች። ወሩ የጽጌ ጾም ነው። ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምናስብበት የፈቃድ ጾም ስለሆነ ያልፈለገ አይጾመውም። እሷ ግን ተስላ ነበር። ልጄ ፈተናውን ካለፈችልኝ የዘንድሮን ጽጌ አንድም ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ ብላለች። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አይነካም ማለት ነው። ሰው አገር ሄጄ ስለቴ ቢጎድልስ አለችኝ።

ያግባቧት ጎረቤታችን ናቸው። ፕሮይንገስሃይም በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአስመራ ሴት ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ አማርኛን ከትምህርት ቤት ይዘውት መጥተዋል፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ሐሪድዋር ውስጥ ሥጋም እንቁላልም እንደማይሸጥ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ለካ ለእሳቸውም ሐላል ነው ወይ እያሉ መጠየቅ ሊቀርላቸው ነው።

«አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እኔ ሳልጠይቅ እበላለሁ» አሏት እናቴን። በዚሁ ተስማምተን ሦስት ሆነን ሄድን።

አግራ ላይ ታጅ ማሃልን አየን። ንጉሡ ያን ሁሉ እብነ በረድ ለሟች ሚስቱ መቃብር እንዳሠራበት፣ አራቱ ማማዎች ቢወድቁ እንኳ መቃብሩን እንዳይጎዱት ትንሽ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው እንደተሠሩ አስረዳሁ። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ፣ በሕይወት ሳለችስ ምን ሠራላት ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ሳቀች፤ ግን አግራን በዳቦና በሙዝ ብቻ ስላለፈችው ሳቋ ደከም ያለ ነበር።

ሐሪድዋር ስንደርስ ተለወጠች። ሰዉ በደረጃዎቹ ወርዶ ጋንጀስ ወንዝ ውስጥ ይነከራል፤ ለቤቱም ውኃውን በጠርሙስ ይቀዳል። ምን እንደሆነ ላስረዳት አፌን ስከፍት «ጠበል ነው፣ አውቄዋለሁ» አለችኝ። ሲመሽ ሰዎች በቅጠል ጀልባ ላይ ብርቱካንማ አበባና ትንሽ መብራት አድርገው ወንዙ ላይ ለቀቁ። እናቴና እትዬ ራቅ ብለው፣ ነጠላና ሻርፕ ተከናንበው ተመለከቱ። የሌላ ሰው ጸሎት ስለሆነ አልገቡበትም፣ ግን አልናቁትም። እናቴ አበባውን እያየች፣ የጽጌን ወር እዚህም ያውቁታል አለች። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ስለዚህ በእሷ አስተሳሰብ ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነበር። በዚያ ምሽት በእንግዳ ማረፊያችን ምስሩን በቂጣ እየጠቀለለች ጠግባ በላች።

በማግስቱ ምሳ ላይ አብሳዩ፣ ሽበት የጣለበት ትሁት ሰው፣ ትኩሱን ምስር አቀረበልንና ከትንሽ ድስት የቀለጠ ነገር አንድ ማንኪያ አፈሰሰበት። እትዬ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ይሄ ዘይት አይደለም» አሉ። «ያለ ኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ነው።»

እናቴ የቆረሰችውን ቂጣ ሳህኑ ላይ መለሰችው። እጇን ታጠበችና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ በሚመስል ድምፅ፣ «የተሳልኩት አንድም ቀን ሳላጎድል ብዬ ነበር» አለች።

ወደ አብሳዩ ሄጄ እናቴ ጾመኛ መሆኗን በእንግሊዝኛ ነገርኩት። እጅግ ደነገጠ፤ የትናንት ማታው ምስርና የዛሬ ጠዋቱ ቂጣም በዚሁ ቅቤ እንደተሠሩ ነገረኝ። ጾመኛ ማስተናገድ ክብር ነውና ወዲያውም ደስ አለው። ማታ ለራት የተቀቀለ ድንች፣ ፓፓያና ፖም፣ ከዚያ በሁለት እጁ የያዘውን ትልቅ ብርጭቆ ትኩስ ወተት በክብር አመጣላት። እናቴ ወተቱን አየች፤ እትዬ እናቴን አዩ።

«ይሄ ሰውዬ ጾም ሳያስፈታሽ አይተኛም» አሉ። እናቴ ከምሳ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አብሳዩ ደግሞ ወተቱን የማትጠጣው ታማ መስሎት ተጨነቀ። ይህን ጊዜ መምህርነቴ ደረሰልኝ። ሁለት ሳህን አስቀመጥኩ። በአንደኛው ላይ እናቴ በጾም የምትበላውን ቂጣ፣ ምስርና ሩዝ አደረግሁ። በሁለተኛው ላይ እሱ በጾም ቀን የሚበላውን እንዲያደርግ ጠየቅሁት። ወተት አኖረ። ቂጣውን፣ ምስሩንና ሩዙን በእጁ እያመለከተ ራሱን ነቀነቀ፤ ለካ ለእነሱ ጾም ማለት እህል መተው ነው። እኛ የምንተወው ለእነሱ ንጹሕ ነው፤ እነሱ የሚተዉት የእኛ ዋና ምግብ ነው። በሁለቱ ሳህኖች መካከል የቀሩት ድንቹና ፍራፍሬው ብቻ ነበሩ። አብሳዩ አይቶ አይቶ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች። ክፍል ውስጥ ያን ያህል የተሳካ ትምህርት ገና አልሰጠሁም።

ለምን እንደምትጾም ሲጠይቀኝ፣ እኔ ፈተና ስላለፍኩ ነው አልኩት። እናቱ ለእሱም እንደዚያ ትጾም እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ምግብ ከመሥራቱ በፊት እናቴን ወደ ወጥ ቤቱ በር ይጠራታል። የታጠበውን ድስት ዘቅዝቆ ያሳያታል፤ ያልተከፈተ የዘይት ጠርሙስ ፊቷ ይከፍታል። እሷ እሺ ስትል ብቻ ምድጃውን ይለኩሳል። ወደ ሙሱሪ ስንሄድ በዘይት የተሠራ ድንችና ቂጣ ቋጠረልን። ሙሱሪ ላይ ጉሙ ገለጥ ሲል የሂማላያ በረዶ ከሩቅ ታየን። አስተማሪዋ ያወሩላት ይህ ነበርና እናቴ ስንቋን ይዛ ብዙ ሰዓት ቆመች። ነጠላዋን ያዩ ሰዎች ከየት እንደመጣች ሲጠይቋት ቀድማኝ በእንግሊዝኛ መለሰችላቸው። በጣም ኮራሁባት።

ፍራንክፈርት ከተመለስን በኋላ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም አሏት። አመሰገነቻቸው፤ ግን ስለት የተባለው ካልሞላ አልሞላም ብላ በራሷ ወሰነች። ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት፣ ምእመናኑ ጾም ፈትተው ዶሮ ሲበሉ እናቴ ሳትቀምስ ቤቷ ገባች። ሐሪድዋር ላይ ቅቤ የበላችባቸውን ሁለት ቀናት ልትጨምር ነው።

ማታ በሩ ተንኳኳ። እትዬ በድስት ሽሮ ይዘው ቆመዋል። «በዘይት ነው» አሉ፤ «ድስቱን ግን ዘቅዝቄ አላሳይሽም፣ ሽሮው ይፈሳል።» ብቻዋን ስትጾም እንደማያዩ፣ እሳቸውም ሁለቱን ቀን ቅቤና ሥጋ እንደማይነኩ ተናገሩ። እናቴ ይህ ያንቺ ጾም አይደለም ብላ ተከራከረቻቸው።

«ስለቱ ያንቺ ነው» አሉ እትዬ። «ቅቤውን ያሸተትኩት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ጠግበሽ ትመለሺ ነበር።»

ሁለቱ ቀን ሲያልፍ ጠዋት ሦስታችን ተሰበሰብን። እናቴ እንቁላሉን በቅቤ ጠበሰች፤ ከእንጀራው ቆርሳ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእትዬ አጎረሰቻቸው። ስለቱ ለእኔ ቢሆንም ለእኔ የደረሰችኝ ሁለተኛዋ ናት። ቅር አላለኝም።