ተኝቶ የሚዋጋው አውሬዬ

ወንድሜ የሸወደኝ የክረምቱ እረፍት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁለታችንም ስልክ ላይ አንድ ጨዋታ እንጫወት ነበር፤ እሱ በራሱ ስልክ፣ እኔ መስታወቱ በተሰነጠቀው በእናቴ ስልክ። አውሬ ከጫካ ይዘን፣ አሳድገን፣ እናጋጥማለን። እኔ እሳት የምትተፋ ትንሽ ወፍ ነበረችኝ። ከጫጩትነቷ ጀምሬ ያሳደግኋት፣ እንደኔው አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት። አንድ ቀን ወንድሜ ጎሽ የመሰለ፣ ኮረብታ የሚያክል፣ ጀርባው ላይ ሣር የበቀለበት አውሬ አሳየኝ።

«በአንድ ምት ግድግዳ ያፈርሳል» አለኝ። «በወፏ እንቀያየር?»

ግድግዳ ማፍረሱስ እውነት ነው። ያልነገረኝ ሌላውን ነው። አውሬው አንዴ ከመታ የሚቀጥለውን ተራ ይተኛል። በቃ፣ ይተኛል! ጠላቱ ፊቱ ቆሞ እየነከሰው እሱ በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ያካል። ብጮህበት፣ ስልኩን ብነቀንቀው፣ ፍንክች የለም። ሣሩ ጀርባው ላይ ለምን እንደበቀለ ያኔ ገባኝ።

እናቴ «ቁንጥንጥ» የምትለኝን ልጅ አስቡት እንግዲህ። እሱ አንድ ተራ ሲተኛ እኔ ተነስቼ ጓዳ ደርሼ እመለሳለሁ። ግቢ ወጥቼ እገባለሁ። እግሬን ያሳክከኛል። ወንድሜ ደግሞ በገዛ ወፌ እየደጋገመ ያሸንፈኛል።

«ወፌን መልስልኝ» አልኩት።

«አሸንፈሽ ውሰጃት።»

ችግሩ ጊዜ የለኝም። እሱ ለትምህርት ወደ ቡሌ ሆራ ሊሄድ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ካልሆኑ አያገናኝም። ከሄደ፣ ወፌም አብራው ሄደች ማለት ነው።

የሚሄድ ዕለት ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። የሚኒባሱ ሹፌር ደጅ መጥቼ ጥሩምባ እነፋለሁ ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስለጠፋ የእናቴ ስልክ ባትሪው ቀይ ሆኗል። ከተማችን ነገሌ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። እሱ ተቀመጠ ማለቴ ነው፤ እኔ አንዴ ቁጭ አንዴ ብድግ።

«የመጨረሻ ግጥሚያ ናት» አለ። «ተሸንፈሽ እንዳታለቅሺ።»

«አንተ እንዳታለቅስ!»

የእኔው ሰነፍ መጀመሪያ መታ። ወፏ ተንገዳገደች፣ ግን አልወደቀችም። ከዚያ ጌታው ተንጋለለ። ወንድሜ በሳቅ ሞተ። «ተኛልሽ! ብርድ ልብስ አምጪለት እንጂ!» እያለ በእሳት ለበለበው። ጀርባው ላይ ያለው ሣር ሁሉ ተቃጠለ። ሌላ ሁለት እሳት ቢጨመርበት ያልቅለታል።

ይሄኔ ጎረቤታችን ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ገቡ። ወንድሜን ከተወለደ ጀምሮ ያውቁታል፤ ሊመርቁት ነው የመጡት። ሁለታችንም ስልኮቻችንን አግዳሚው ላይ ጥለን ብድግ አልን።

«አካም? ናጋ?» አሉ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ አባባ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ናጋ። ቤቱ ናጋ? እናትህ ናጋ? ትምህርቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ከብቱስ ናጋ?»

ከብት የለንም። ያለችን አንዲት ድመት ናት። «ናጋ» አለ ወንድሜ፣ ዓይኑ ወደ አግዳሚው ሾልኮ እየተመለሰ። ግን ምን ያደርጋል? እኛ ጋ ሽማግሌ ሰላም እያለህ ወደ ስልክ ማጎንበስ የለም። ሰላምታው እስከ ዝናቡና እስከ መንገዱ ሄዶ ያልቃል እንጂ መሃል ላይ አይቆረጥም። ሰላምታው ሲያልቅ ደግሞ ምርቃቱ ጀመረ። አንገታችንን ደፋን።

«መንገድህ ናጋ ይሁን!»

«አሜን!»

«ደብተርህ ይባረክ!»

«አሜን!»

ጨዋታው ግን ማንንም አይጠብቅም። የተሰጠህ ጊዜ ካለቀ ራሱ ከምቶቹ ዝርዝር ከላይ ያለውን ይመርጥልሃል። የእኔ አውሬ ከላይ ያለው ያ ግድግዳ የሚያፈርሰው ቡጢ ነው። የወፏ ደግሞ ፉጨት! ማንንም የማይጎዳ ባዶ ፉጨት። ድምፁን ስለምወደው እኔው ነኝ፣ የኔ በነበረች ጊዜ፣ ከላይ ያደረግሁት። ወንድሜ አልቀየረውም።

አንገቴን እንደደፋሁ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ቡጢ። ፉጨት። እንቅልፍ። ፉጨት። ወንድሜ «አሜን» የሚለው እየፈጠነ፣ እየፈጠነ መጣ። እሳቸው ግን አልቸኮሉም።

«የሄድክበት ይቅናህ!»

«አሜን!» ስል አንድ ቡጢ ጓ አለ፤ የእናቴ ስልክም በእልልታ ቀለጠ።

«አይቆጠርም!» ብሎ ዘለለ ወንድሜ። «አባባ፣ እርስዎ እየመረቁኝ እኮ ነው ያሸነፈችው!»

«እኔስ አሜን እያልኩ አልነበረም?» አልኩት።

ሽማግሌው ስልኩን ከፍ አድርገው፣ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት። አውሬው ድሉን እያከበረ አልነበረም፤ ተንጋሎ ተኝቷል።

«ይሄ ታሟል?»

«አልታመመም፣ አባባ። ሰነፍ ነው። ግን አሸንፏል።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔ የመረቅሁት ሁለታችሁንም ነው» አሉና ወደ እናቴ ገቡ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ጥሩምባው ተነፋ። ወንድሜ ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ እየሮጠ «ቶሎ በይ፣ ላኪልኝ፣ ወፍሽን ውሰጂ!» አለኝ። ጨዋታው ላይ አንዱን ለመቀበል ሌላ መስጠት ግድ ነው። እሱ ሰነፉ የሚመለስለት መስሎታል። ግን ውላችን ላይ ምን እንደምሰጠው ማን አወራ? ቅጠል ከመብላት በቀር ምንም የማያውቅ አንድ ትል ነበረኝ። ላክሁለት። እሱ ሳያይ ተቀበለ።

ሚኒባሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ስልኩን ያየው። በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ «አንቺ ቀማኛ! ትል?!» እያለ ጮኸ። እኔ አስፋልቱ ድረስ እየሮጥኩ እጄን አወዛወዝኩለት። ሳቄ ትንፋሽ ነሳኝ።

ከዚያ ቤት ገባሁ። ወፌም አለች፣ ሰነፉም አለ። ሁለቱን እያገላበጥኩ አየሁ፣ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደጅ ወጣሁ። አግዳሚው ባዶ ነው። በሰፈሩ ይህ ጨዋታ ያለው ሌላ ሰው የለም። ሁለት እንዲህ ያሉ አውሬዎች ይዤ ከማን ጋር ልግጠም?

ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ጋ ሄድኩ። የክፍሌ ልጅ ናት። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ስልክሽ ላይ ቦታ አለ?»

«የለም፣ በፎቶ ሞልቷል። ለምን?»

«ፎቶ አጥፊና ጨዋታ ጫኚ!» አልኳት፣ የምታሰጣውን ልብስ ከእጇ እየተቀበልኩ። «ቶሎ በይ፣ ልብሱን እኔ አሰጣልሻለሁ።»