ከስክሪኑ ግርጌ የጠፋው መስመር

ባለፈው እሁድ ልጄ ለቢሮ ሥራ የተሰጣትን አዲስ ላፕቶፕ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታሳምር ዋለች። የጀርባውን ፎቶ ትቀያይራለች፣ ፎልደሮቹን ታሰልፋለች። በመሃል፣ «እማዬ፣ ይሄን ታች ያለውን መስመር ብደብቀው አያምርም?» አለችኝ።

«ተይው!» ብዬ ጮህኩ። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ራሴን ታዘብኩት።

ነገሩ የሆነው ገና ልጅነት ሳይለቀኝ ነው። ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ጸሐፊ ይፈልጋል ተብሎ እኔና ጓደኛዬ ዘይነባ ለተግባር ፈተና ተጠራን። የዘይነባ እናት እትዬ ፋጡማ ከወሎ መጥተው ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሥራው ሁለታችንንም ያስፈልገን ነበር፤ የእሷ ችግር ግን ይብስ ነበር። አንድ ደላላ የቤይሩት ቪዛዋን ጨርሶላት ነበር። ሥራ ካገኘች ትቀራለች፣ ካጣች ትሄዳለች። ከሰፈራችን ቤይሩት ሄዳ በሬሳ ሳጥን የተመለሰች ልጅ ነበረች፤ ስለ እሷ ሁለታችንም አናነሳም።

ክረምት ነበር። ከመገናኛ በታክሲ መጥተን ጭቃውን ስንሻገር የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁላት። ይዛው ቆየች እንጂ አልቀመሰችውም።

ፈታኙ ጋሽ ታደሰ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሰው፣ ገና ስንቀመጥ «ቃል የተነፈሰ ይወጣል» አሉ። የተበታተኑትን ፋይሎች በየፎልደሩ ማስገባት፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ከዚያ ሠንጠረዥ ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ መጨረስ ነበር ፈተናው።

ደብዳቤዬን ልጨርስ ስል የዘይነባ ትንፋሽ ተሰማኝ። በጎን አየሁ። ስክሪኗ ላይ ከሰማያዊ ፎቶ በቀር ምንም የለም። ሠንጠረዡን ለመክፈት ደብዳቤውን ዝቅ አድርጋዋለች፤ የተከፈተው ሁሉ የሚደረደርበት የታችኛው መስመር ግን የለም። ከእሷ በፊት የተጠቀመ ሰው ደብቆታል። እሷ ይህን አታውቅም፤ የጻፈችው ሁሉ የጠፋ መስሏታል። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

ጋሽ ታደሰ ከኋላችን ይመላለሳሉ። ጫማቸው ራቅ እስኪል ጠበቅኩ።

«ቀስቱን ወደ ታች፣ እስከ ጥግ ውሰጂው» አልኳት።

መስመሩ ብቅ አለ። ደብዳቤዋም እዚያው ነበር። ጫማው ግን ቆመ።

«አንቺ፣ ተነሺ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ…» ብላ ዘይነባ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ተጫንኩት። «ዝም ብለሽ ጨርሺ» ብዬ ወጣሁ።

አንድ ሱቅ ደጃፍ ተጠልዬ ጠበቅኳት። እያለቀሰች መጣች። «ለምን?» አለችኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«በቃ፣ እንሂድ።»

ውጤቱ እስኪነገር ደላላው ጠዋት ጠዋት እነ ዘይነባ ቤት ይመጣ ነበር። እትዬ ፋጡማ በሩን ገርበብ አድርገው «ትንሽ ታገሰን» ይሉታል። በመጨረሻ ድርጅቱ ዘይነባን ቀጠረ። እኔ ብዙ በር አንኳኩቼ ገርጂ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ።

ልጄ ይህን ሰምታ ላፕቶፗን ከደን አደረገችና፣ «አልቆጨሽም ግን?» አለችኝ።

አልዋሸኋትም። በዚያ መንገድ ሳልፍ ቀና ብዬ የድርጅቱን መስኮት እያየሁ ሆድ የባሰኝ ጊዜ ነበር። ጋሽ ታደሰን ግን አልተቀየምኳቸውም፤ ያሉትን ነው ያደረጉት። ኋላ እትዬ ፋጡማ ታመው አልጋ ሲይዙ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችው ዘይነባ ናት። እዚሁ ስለነበረች።