ከኒዳ ወንዝ የመጣ ድንጋይ

ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ባቡር ጣቢያው ጥግ ላይ፣ ሰዉ በአንድ ቀጭን አትክልት ስም "ሽፓርግል" እያለ የሚያሾፍበት ረጅሙ የቴሌ ግንብ ቁልቁል በሚያየን ቦታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ታጣፊ ጠረጴዛ እንዘረጋ ነበር። አሁንም በዚያ ሳልፍ እግሬ ሳላዘው ይዘገያል። የጠረጴዛዋ አንድ እግር አጭር ስለነበር ከሥሩ ካርቶን አጥፈን እናስገባለን። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ የፊርማ ወረቀቶቹ ይበተኑና ሦስታችንም ዶሮ እንደሚያባርር ሰው በእግረኛው መንገድ ላይ እንራወጣለን። እውነቱን ልናገርና፣ በፍራንክፈርት ኑሮዬ እንደዚያ ዘመን የሳቅሁበት ጊዜ የለም።

ሦስታችን ማለት ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌርና እኔ ነን። የመምህርቷ እናት እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን እናቷን ሳበላላት አይታኝ፣ "ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ? እኛ ጋ ነይ፤ ዶይችሽም ይሻሻላል" አለችኝ። በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምላት፤ እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን "ዱ በይኝ" ብላ ስለገዘተችኝ አንቺ እንዳልኳት ቀረሁ። ሹፌሩ የፕሪም ኬክ ይጋግራል። ኬኩ ሁልጊዜ ከሥሩ ያረረ ነበር፤ ሁልጊዜም "ዛሬ ተሳካልኝ" ይላል።

የምናስፈርመው ነገር ለአበሻ ሲነገር ያስቃል። በጀርመን የሞት ቅጣት ከተሻረ ስንት ዘመኑ ነው። የእኛ የሄሰን ክልል ሕገ መንግሥት ላይ ግን፣ ለከባድ ወንጀል ሞት ሊፈረድ ይችላል የሚል ቃል ከድሮ ጀምሮ ተጽፎ ቀርቶ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ስለሚበልጠው ማንም አይገደልበትም። መምህርቷ ግን "የማይሠራ ከሆነ ለምን አይፋቅም?" ትላለች፤ አለቀ፣ ከዚያ አትወጣም። አብራኝ የምትሠራ ያገሬ ልጅ ይህን ስትሰማ፣ "አንቺ ሥራ ፈት! የማይገድለውን አትግደል እያልሽ ታስፈርሚያለሽ? ለዚያውም ድምፅ መስጠት ሳትችዪ!" ብላ እስክትወድቅ ሳቀች። ዜግነት እንኳ አልነበረኝም። እኔ ግን ዝናብ ካልከለከለኝ አልቀርም።

በየቅዳሜው የሚመጣ አንድ ጥያቄ ነበር። ሰው ወረቀቱን አንብቦ ብዕሩን ያነሳና፣ ድንገት ቀና ብሎ "ያንቺ ሰው ቢገደልስ?" ይላል። ሹፌሩ ገና ከፊታቸው ያውቀዋል፤ "መጣች" ይለኛል በለሆሳስ፣ ጥያቄዋን። መምህርቷም መልስ አላት። "ያን ጊዜ እኔ ራሴ ልገድለው እፈልግ ይሆናል። ሕግ ከእኔ መሻል ያለበት ለዚህ ነው" ትላቸዋለች። ያቺን መልስ ወድጄ በቃሌ አጥንቻት ነበር። እኔም እላታለሁ፣ አፌም ላይ ትጥመኛለች።

ከዚያ ወንድሜ ተገደለ።

ታናሼ ነው፣ አገር ቤት ሚኒባስ ነጂ፣ እሑድ እሑድ ደውሎ ሳያስቀኝ ስልክ የማይዘጋ። መናኸሪያ ውስጥ ከሌላ ሾፌር ጋር በተሳፋሪ ተጣሉ፤ ሰው ገላገላቸው። ሰውየው ግን በማግሥቱ ጠብቆ በብረት መታው። ፍርድ ቤቱም አስቦበት ነው ብሎ ሞት ፈረደበት። እማዬ በስልክ ስትነግረኝ "ተመስገን!" አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። እሷ ግን አብራኝ አላመሰገነችም። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ጊንሃይም ሄድኩ። ለእነሱ ምንም አልነገርኳቸውም፤ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?

በዚያው ቀን አንድ የገበያ ቦርሳ የያዘ ሰውዬ መጣ። አነበበ፣ ብዕሩን አነሳ፣ ቀና አለ። ሹፌሩ "መጣች" አለኝ እንደ ልማዱ። "ወንድም አለሽ?" አለ ሰውየው፣ "እሱ ቢገደልስ?" ያቺን የሸመደድኳትን መልስ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለችኝ።

"ተገድሏል" አልኩት። "ገዳዩም ሞት ተፈርዶበታል። እንዲሞትም እፈልጋለሁ።"

ሰውየው ብዕሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄደ። መምህርቷ እጇን ትከሻዬ ላይ ስታሳርፍ ደሜ ፈላ። "አትንኪኝ! ያ ቆንጆ መልስሽ ላንቺ ይሁንሽ!" አልኳት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለውን ተረት በዶይች ልነግራት ሞክሬ እንጨትና ቁስል እያልኩ ቀረሁ፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ጃኬቴን አንስቼ ወደ ባቡሩ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ ጠረጴዛዋ አልተመለስኩም።

ጉዱ ገና ነበር። የገዳዩ አባት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። አገር ቤት ያንድ ከተማ ሰዎች ነን። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ፤ ደወል ተደውሎ ስንሮጥ ሲያዩን በሩን ለመዝጋት የማይቸኩሉ፣ እንዲያውም ቁልፉ የጠፋባቸው መስለው ኪሳቸውን የሚዳብሱ ሰው። ወንድሜ ዘግይቶ የማይመጣበት ቀን ስላልነበረ ከሁላችን አብልጦ ይወዳቸው ነበር።

ለልጃቸው የይቅርታ ማመልከቻ ሊገባ ነው፤ የሟች ቤተሰብ ካልታረቀ ግን ተስፋ የለውም ተባለ። እዚያ አገር ቤት ሽማግሌ እናቴ ዘንድ ሄደ። እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አባቱ በሕይወት የለም፤ ታላቅ እህቱ እሷ ናት። ይቅር ካለች ብያለሁ፣ ካላለችም አላልኩም።" በቃ፣ የአንድ ሰው ነፍስ እኔ እስከምኖርበት ሽቫንሃይም ድረስ መጥታ እኔ እጅ ላይ ወደቀች። ከቦናመስ ሲደውሉልኝ፣ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደጄን እንዳትረግጡ" ብዬ ዘጋሁባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ደወሉ ጮኸ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ክው አልኩ።

በእኛ ዘንድ ደም ሲኖር የገዳይ ወገን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የሟች ቤት ደጃፍ ይደፋል። የተበደለው ራሱ ድንጋዩን እስኪያነሳለት ቀና አይልም፣ ውሃም አይቀምስም። ከተነሳለት ታርቋል፣ ካልተነሳለት እንደተሸከመ ይመለሳል። ይህን በልጅነቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሽቫንሃይም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሰው ብስክሌትና ጫማ የተደረደረበት ደረጃ ላይ አያለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

የገዳዩ አባት፣ ሽማግሌው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ፣ ፊታቸው ወደ እግር መጥረጊያዬ። አጠገባቸው ሁለት አስታራቂዎች ቆመዋል፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት፣ አንዱ ቦናመስ ሱቅ ያላቸው እስላም ነጋዴ። በሩን አልከፈትኩም።

"ልጄ፣ ስለ እመብርሃን!" አሉ አዛውንቱ።

"ይሂዱልኝ አባባ! ይዘዋቸው ይሂዱ!" አልኩ ከውስጥ።

አልሄዱም። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ወርዳ "ጉተን ታግ" ብላ፣ የሽማግሌውን እግር በጥንቃቄ ተሻግራ ገበያ ሄደች። ተመልሳም "ጉተን ታግ" ብላ ተሻግራ ወጣች። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ይሞታላ! ወንድሜ ሞቶ የለ? ይሙት! እያልኩ፣ ከበሩ ማዶ የሽማግሌውን ትንፋሽ እሰማለሁ። እንዴት እንደጠላኋቸው፤ እንዴትስ እንዳሳዘኑኝ። ሁለቱም በአንድ ላይ ሆድ ውስጥ ሲገቡ አያድርስ ነው።

በዚህ መሀል ደረጃው ላይ የማውቀው ኮቴ ሰማሁ። መምህርቷ ናት። ከጠረጴዛው ስለቀረሁ፣ የሹፌሩን ያረረ ኬክ በሳህን ሸፍና ልትጠይቀኝ መምጣቷ ነው። በቀዳዳው ሳያት ኬኩን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። "በእግዚአብሔር ስም! ምን እያደረጋችኋቸው ነው እኚህን ሰው?" ብላ ጎንበስ አለችና፣ ሰዎቹ ሳይደርሱባት ድንጋዩን ከሽማግሌው ማጅራት አነሳችው።

አስታራቂዎቹ "ኧረ በስመ አብ!" "ያ አላህ!" ብለው እኩል ጮኹ። ሽማግሌው ግን ቀና አላሉም። ባዶ ማጅራታቸውን እንደደፉ ቀሩ።

እኔ በሩን በርግጄ ወጣሁ። "ምን ነካሽ አንቺ! ማን አንሺ አለሽ? ያንቺ ወንድም ነው የሞተው?" እንዲህ ስል ለካ በአማርኛ ነው የምጮኽባት። ነጋዴው በዶይች ቀስ ብለው አስረዷት፤ ልጃቸው እንዳይገደል መሆኑን፣ ያን ድንጋይ ማንሳት ያለብኝም እኔ ብቻ መሆኔን። መምህርቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ያን ሁሉ ክርክር የምታውቅ ሴት፣ ድንጋዩን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት።

ይኸው ቆምኩ። መሬት ላይ ባስቀምጠው እንቢ ማለቴ ነው፤ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃል፣ ማንም ደግሞ አይለምነኝም። ሽማግሌው ከታች፣ "ልጄ፣ ያላንቺ እጅ የተነሳው አልተነሳም። መልሺው" አሉኝ።

መለስኩት። ከፈለጋችሁ ጨካኝ በሉኝ፤ በገዛ እጄ ማጅራታቸው ላይ መልሼ ጫንኩት። ሌላ ሰው ያነሳው ዕርቅ ለወንድሜ አይሆነውም። ስጭነው ፀጉራቸው ሽበት ብቻ መሆኑን፣ ቆዳቸው ደግሞ ድንጋዩ በነበረበት መቅላቱን አየሁ። እኚህ ሰውዬ ናቸው በሩን የማይዘጉልን። ወንድሜ ደብተሩን በጥርሱ ነክሶ እየሮጠ ሲመጣ ታየኝ፤ እሳቸውም ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ እስኪደርስ።

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ። "ስለ እግዚአብሔር ብዬ፣ ስለ እናቴም፣ ይቅር ብያለሁ።" ጎንበስ አልኩና ድንጋዩን አነሳሁት።

አዛውንቱ መረቁ፤ ነጋዴው "አልሐምዱሊላህ" እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽማግሌው መነሳት አቅቷቸው በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል መምህርቷ ደግፈን አስገባናቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው "ውሃ" የሚል ነበር። ያንን ያረረ ኬክ ያን ዕለት ሁላችንም በላነው፤ ቁራሽ እንኳ አልተረፈም። ቦናመስ አካባቢ ልቅም ያለ ድንጋይ ጠፍቶ ከኒዳ ወንዝ ዳር እንዳመጡት፣ በባቡሩም በትራሙም በፌስታል ሲመጡ ሽማግሌው ለማንም አላሸክምም እንዳሉ ነጋዴው የነገሩን ያኔ ነው።

ለሰውየው የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት። እኔም ወደ ጊንሃይም ተመለስኩ። ድንጋዩን ይዤው ነበር የሄድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ነፋስ ወረቀት ወስዶብን አያውቅም። "ያንቺ ሰው ቢገደልስ?" ሲሉን ደግሞ መምህርቷ መመለስ ተወች፤ ወደኔ ትዞራለች። እኔም ወይ እነግራቸዋለሁ፣ ወይ ዝም እላለሁ፣ እንደ ቀኑ ነው። የሄሰን አንቀጽ ከብዙ ዓመት በኋላ በሕዝብ ድምፅ ተፋቀ፤ የእኛ ጠረጴዛ ምን ያህል እንደረዳ አላውቅም።

በዚያ በዕርቁ ቀን፣ ሰዎቹን ሸኝቼ ስመለስ፣ እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የመምህርቷን ጥፋትም፣ መልሼ መጫኔንም። እሷም፣ "ከበደሽ እንዴ፣ ድንጋዩ?" አለችኝ።

"ከበደኝ፣ እማዬ። በጣም ከበደኝ።"

"እንኳን ከበደሽ" አለች። "ቀሎሽ ቢሆን ያ ልጄ ረክሶብሽ ነበር።"